የድሮ የብረት መጫወቻ መኪናንና ካርቶኑን ሳያበላሹ ለይቶ፣ አጽድቶ የማስቀመጥ ዝርዝር መመሪያ

ከአያት ብፌ ወይም ከቆጥ ላይ የወረደ የድሮ መጫወቻ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሃምሳ ዓመት አቧራ ሲጠጣ በመኖሩ ሳይሆን፣ ሰብሳቢው ቤቱ ባስገባበት በመጀመሪያው ምሽት ነው። አቧራውን አይቶ ያጥበዋል፤ ካርቶኑን ተቀዶ ሲያገኘው በስኮች ይለጥፈዋል፤ ከዚያም በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ሦስቱም ስሕተት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደግሞ መመለስ አይቻልም። እኔም ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያዬን ዲንኪ (የድሮ የእንግሊዝ መጫወቻ መኪና ነው) በሎሚና በአመድ ፈትጌ፣ የግራ በሩ ቀለም ከጣቴ ጋር ሲመጣ ነው ቅደም ተከተሉን የተማርሁት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መዝገብ ይቀድማል፣ መለየት ይከተላል፣ ከዚያ ካርቶኑ ይሠራል፣ መኪናው ከካርቶኑ በኋላ ይመጣል፣ ውኃ ደግሞ (የግድ ካስፈለገ) ከሁሉ በኋላ ይነካል። አንዱን ደረጃ ዘሎ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ሰው መረጃውን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ጊዜና ዕቃ

ይህን ሥራ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሥሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃም አየር እርጥበት የተሸከመ ስለሆነ፣ በተለይ ጣና ዳር ላለንና በጮቄ አካባቢ ደጋ ለሚኖሩ፣ የታጠበ ነገር ውስጡ ሳይደርቅ ይሰነብታል። ክረምት ላይ መኪና ካገኙ ደረጃ 1ንና ደረጃ 2ን ብቻ ጨርሰው ቀሪውን ለበጋ ያቆዩት።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች በየሱቁ የሚገኙ ናቸው፦ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ ነጭ ላጲስ፣ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ማግኔት፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ነጭ ወፍራም ወረቀት፣ ደብተርና የእጅ ስልክ። ዘይቱ አንድ ጠብታ ብቻ ስለሚፈለግ ልብስ ሰፊ ከሆነ ጎረቤት መለመን ይቻላል።

ከጠረጴዛው ላይ የሚያርቋቸውንም ልንገርዎ፦ ሎሚ፣ አመድ፣ በረኪና፣ ቤንዚን እና አረቄ። አረቄ ሁሉን ያጸዳል የሚል እምነት በእኛ አገር ሥር የሰደደ ነው፤ ነገር ግን አልኮል በመኪናው ጎን ላይ የታተመውን ጽሑፍ ሊያነሣና አንዳንዱን ቀለም ሊያለሰልስ ይችላል።

ደረጃ 1፦ መኪናውን ሲያገኙ ካርቶኑን ይጠይቁ

መጫወቻው በእጅዎ ሲገባ ወዲያው ስለ ካርቶኑ ይጠይቁ፤ ለሌላ ቀን አያሳድሩት። ለሰብሳቢ ካርቶን ማለት ለብራና መጽሐፍ ማኅደር እንደማለት ነው፤ ሁለቱን ነጣጥሎ የሚያስቀምጥ ሰው የዕቃውን ዋጋ ከማሳነሱም በላይ መኪናው የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚናገረውን ምስክር ይጥላል።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት አዛውንት ከብፌያቸው ውስጥ ትንሽ ላንድሮቨር አውጥተው አሳዩኝ። «እማማ፣ ይቺ የመጣችበት ካርቶንስ የት ደረሰ?» አልኋቸው። «እሱማ የመርፌዬ ቤት አይደል!» ብለው ከስፌት ዕቃቸው መካከል የክብሪት ቀፎ የሚያህል ቢጫ ካርቶን አወጡ፤ በውስጡ አምስት መርፌና አንድ ጥቅል ጥቁር ክር ነበረበት። አንዱ መዝጊያ ጆሮው ብቻ ተቀንጥሷል። ሌላ ማስቀመጫ ለመርፌያቸው ገዝቼ ሳልሰጥ ካርቶኑን አልወሰድሁም፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ በነጻ መጠየቅ ደግ አይደለም።

ካርቶኑ አልተገኘም ቢባሉ የስፌት ዕቃውን፣ የመድኃኒት ማስቀመጫውንና የድሮ ፎቶግራፍ የሚቀመጥበትን ቦታ ጠቅሰው አንድ ጊዜ እንደገና ይጠይቁ። መኪናው ቆራሌው እጅ ገብቶ ከሆነ ግን ካርቶኑን ተስፋ አያድርጉ።

ደረጃ 2፦ ሳይነኩ ይመዝግቡ

1. መኪናውን ከነአቧራው በስድስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ፦ ፊት፣ ኋላ፣ ሁለቱን ጎን፣ ጣራውንና ሆዱን። ለሆዱ ብርሃኑን ከጎን ያድርጉት፤ በዚያን ጊዜ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ስለሚጥል ይነበባል።
2. ካርቶኑን በስድስቱም ገጽ፣ ሁለቱን መዝጊያ ጆሮዎች ደግሞ ለብቻ ያንሡ።
3. ከማን፣ በየት ከተማና መቼ እንዳገኙት በደብተር ይጻፉ።
4. በካርቶኑ ላይ በእጅ የተጻፈ ዋጋ ወይም የሱቅ ምልክት ካለ እንዳለ ይገልብጡ፤ አይፋቁ።

ይህን ሳይጨርሱ ብሩሽ አያንሡ።

ደረጃ 3፦ ሆዱን አንብበው ይለዩ

አስቀድመው ማግኔቱን ወደ አካሉ ያስጠጉ። እነዚህ መኪኖች በተለምዶ የብረት ይባሉ እንጂ ዛማክ ከሚባል፣ አብዛኛው ዚንክ ሆኖ ጥቂት አሉሚኒየም ካለበት ቅይጥ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ማዕድን የተሠሩ ስለሆኑ ማግኔት አይስባቸውም። አካሉ ከተሳበ በእጅዎ ያለው የቆርቆሮ መጫወቻ ነው፤ አያያዙም ይለያል። የሆዱ ክዳንና አክስሉ ብቻ ቢሳቡ ግን አይደንግጡ፤ እነሱ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮና ብረት ናቸው።

ቀጥሎ ስሙን ያንብቡ። «ዲንኪ» ከሚለው ጋር «ሜካኖ» የሚል ካለ በሊቨርፑል ወይም በፈረንሳይ ፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ስሙ ከ1934 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ ያለ ሲሆን የሊቨርፑሉ ፋብሪካ በ1979 ተዘግቷል። «ማችቦክስ» ወይም «ሌዝኒ» ቢል የለንደኑ ሌዝኒ ሥራ ነው፤ ከ1 እስከ 75 ቁጥር ያለው ተከታታይ በ1953 ተጀምሮ ኩባንያው በ1982 ከሰረ። «ኮርጊ» በ1956 የጀመረው የሜቶይ ሥራ ሲሆን፣ በመስኮቱ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ በመግጠም ታውቋል። «ሆት ዊልስ» በ1968 የወጣ የአሜሪካው ማቴል ምርት ነው። ሶሊዶ፣ ማጆሬትና ኖሬቭ የፈረንሳይ፣ መርኩሪና ፖሊቶይስ የጣሊያን ናቸው።

*ሰው ሁሉ የሚወድቅባቸው ሦስት ነገሮች*

አንደኛው ዓመቱ ነው። በሆዱ ላይ የተቀረጸው ዓመት የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ 1969 የሚል ያነበበ ሰው በእኛ 1969 ዓ.ም. ብሎ ቢመዘግበው ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል፤ ትክክለኛው 1961 ወይም 1962 ዓ.ም. ነው። በሆት ዊልስ ላይ ደግሞ ዓመቱ የቅርጹ መብት የተመዘገበበት እንጂ መኪናው የተሠራበት ላይሆን ይችላል፤ ያው ቅርጽ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ይፈስሳል።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። ሌዝኒ አንድ መኪና መሥራት ሲያቆም ቁጥሩን ለአዲስ መኪና ይሰጠው ነበር። ቁጥር 25ን ብንወስድ መጀመሪያ የደንሎፕ ማስታወቂያ ያለበት የቤድፎርድ መኪና፣ ቀጥሎ ሁላችንም የምናውቃት ቮልስ፣ ቀጥሎ የቢፒ ነዳጅ ጫኝ፣ በኋላ ደግሞ ፎርድ ኮርቲና ይዞታል። ስለዚህ «25 ቁጥር አለኝ» ማለት ምንም አይገልጽም። ዲንኪም በ1954 አሮጌውን ከፊደል ጋር የተጣመረ ቁጥር ለውጧል፤ ላንድሮቨሩ ለምሳሌ ከ27 ዲ ወደ 340 ተሸጋግሯል። አሮጌ ቁጥር ያለውን ካርቶን ከአዲስ መኪና ጋር ያገኘ ሰው ተታለልሁ ከማለቱ በፊት ይህን ያስታውስ።

ሦስተኛው እንደገና የተቀባ መኪና ነው። በፋብሪካው አካሉ የሚቀባው ከመገጣጠሙ በፊት ሲሆን፣ የሆዱ ክዳን የሚያዘው ከዚያ በኋላ በተቀጠቀጠ ሪቬት (ራሱ በተደፈጠጠ ምስማር) ነው። የሪቬቱ ራስ ላይ እንደ አካሉ ያለ ቀለም ከፈሰሰበት፣ ተቦርቡሮ ከታየ ወይም በቦታው ብሎን ከገባ ሰው ፈትቶታል። ፓራፋንጎው ሥርና የበሩ ስንጥቅ ውስጥ ሁለተኛ ቀለም መኖሩንም በማጉያ ይመልከቱ። አትላስ በሚል ስም በቻይና የተሠሩ የዲንኪ ዘመናዊ ቅጂዎችም በገበያ አሉ፤ ቅጂነታቸው ነውር የለበትም፤ ነውሩ የ1950ዎቹ ተብሎ መሸጡ ነው።

ደረጃ 4፦ ካርቶኑ የዚህ መኪና መሆኑን ያረጋግጡ

መኪናና ካርቶን እንደ ባልና ሚስት በሽማግሌ የሚጋቡበት ጊዜ አለ፤ ሻጩ ከአንድ ቦታ ያገኘውን ካርቶን ከሌላ ቦታ ላገኘው መኪና ይሰጠዋል። አምስት ነገር ያመሳክሩ፦ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ሥዕሉን፣ ቀለሙንና ጎማውን።

በዲንኪ ቢጫ ካርቶን ጆሮ ላይ አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ባለቀለም ክብ ይገኛል፤ እሱ ጌጥ ሳይሆን ውስጥ ያለውን መኪና ቀለም ለባለሱቁ የሚነግር ምልክት ነው። ክቡ አረንጓዴ ሆኖ መኪናው ሰማያዊ ከሆነ ወይ መኪናው ተቀብቷል፣ ወይ ካርቶኑ የሌላ ነው። የማችቦክስን ዘመን ከጎማው ያውቁታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቸርኬያቸው ብረት፣ ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከ1969 ወዲህ በቀጭን አክስል የሚፈተለከው ሱፐርፋስት መጥቷል። ሱፐርፋስት የሚል ካርቶን ውስጥ ባለ ግራጫ ጎማ መኪና ከተገኘ አንዱ እንግዳ ነው። በ1950ዎቹ የማችቦክስ ካርቶን ላይ «ሞኮ» የሚል የአከፋፋዩ ስም ይነበባል፤ በኋላ ቀርቷል። የኮርጊ የመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች ሰማያዊ፣ የኋለኞቹ ሰማያዊና ቢጫ ናቸው።

ለዲንኪ የአሮጌ ዘመን መኪና ካርቶን አጥተው ከሆነ አይዘኑ፤ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ለየራሳቸው ካርቶን አልነበራቸውም፤ ባለሱቁ ብዙ ጊዜ ስድስት ስድስት ሆነው በአንድ ካርቶን ይረከባቸው ነበር። ለእንዲህ ያለው መኪና «የራሱ ካርቶን» ብሎ የሚያመጣልዎትን ሻጭ በጥርጣሬ ይዩት።

አዲስ የታተመ አስመሳይ ካርቶንን ለመያዝ ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ተጠቅመው በጨለማ ይመልከቱ። ወረቀትን የሚያፈኩ ኬሚካሎች በስፋት የመጡት በ1950 አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ ይቀድማል የተባለ ካርቶን በመብራቱ ሥር ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ አያምኑት። የ1960ዎቹ ካርቶን ግን ቢያበራም በዚህ ብቻ አስመሳይ ነው አይባልም፤ በዚያን ጊዜ በማጉያ የፊደሉን ጠርዝ ይመርምሩ፤ በቤት ማተሚያ የወጣ ፊደል ጠርዙ በጥቃቅን ነጥብ ይበተናል።

ደረጃ 5፦ ካርቶኑን ማጽዳትና ማጽናት

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ ሁሉ የሚደርሰው በጆሮዎቹ ማጠፊያ መስመር ላይ ነውና።

1. ካርቶኑን በጥላ፣ ነፋስ በማይመታበት ክፍል አንድ ቀን ሙሉ ያሳርፉት። በበጋው መጨረሻ ወረቀት እጅግ ስለሚደርቅ ጆሮውን ወዲያው ቢያጥፉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል።
2. ጆሮውን የሚከፍቱት በጥፍር አይደለም። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በስንጥቁ አስገብተው፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ቀስ ብለው ይግፉት። ከተያዘ ያቁሙ፤ በሌላው ጫፍ ይሞክሩ። ሁለቱም እንቢ ካሉ ዝግ ሆኖ ይቆይ።
3. አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ከመካከል ወደ ጠርዝ ይጥረጉ።
4. ላጲስ የሚነካው ያልታተመበትን ነጭ ገጽ ብቻ ነው። ቀለም ላይ አንድ ጊዜ ቢያሹት የቀለሙ ፍካት ይለቅቃል።
5. ነጩን ወፍራም ወረቀት ከካርቶኑ የውስጥ ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር አሳንሰው አጥፈው እንደ ምሰሶ ያስገቡለት። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ አሲድ ስላለው ራሱም ይወይባል፣ ካርቶኑንም ያወይባል።

*የድሮ ስኮች ካለበት።* አይጎትቱት። ላስቲኩ ደርቆ በራሱ ከተላቀቀ ያንሡት፤ ቡናማ እድፉን ግን ይተዉት። ገና ከያዘ የጸጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከሩቅ አሙቀው፣ ስኮቹን ወደ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ መልሰው እያጠፉ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተኝተው ያንሡት። የወረቀት ጭረት ተከትሎ ሲነሣ ካዩ በዚያው ያቁሙ።

*ጆሮው ተቀንጥሶ ከሆነ።* በኮላ፣ በሱፐር ግሉ ወይም በዱቄት ሙጫ አይለጥፉት። የዱቄት ሙጫ በረሮና ብል ይጠራል፤ ሱፐር ግሉ ወረቀቱን አጠንክሮ በአጠገቡ ሌላ ስብራት ያመጣል። የተቀነጠሰውን ቁራጭ በትንሽ ፖስታ አድርገው ከካርቶኑ ጋር ያስቀምጡ።

*ሻግቶ ከሆነ።* አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ከቤት ውጭ በጥላ ሥር ካደረቁት በኋላ በብሩሽ ይጥረጉት። ፀሐይ አያስጡት። እህልና በርበሬ የለመደ እጃችን ሁሉን ነገር ማስጣት ይወዳል፤ የካርቶን ቀይና ቢጫ ግን በፀሐይ ይነጣል።

*የላስቲክ መስኮት ያለው ካርቶን።* ላስቲኩ ወይቦ፣ ተኮማትሮ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ መፍረስ ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለይተው አየር በሚያገኝበት ቦታ ያኑሩት። ሽታው ሌላውን ጭምር ይጎዳል።

ደረጃ 6፦ መኪናውን ማጽዳት

የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ የተባለው ማዕድን (የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም) ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ፈጽሞ በአሸዋ ወረቀት አይፋቁ፣ ለሕፃን መጫወቻ አይስጡ፣ ሲጨርሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን።

መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይሥሩ፦ ከጣራው ጀምረው ወደ ኮፈኑ፣ ከዚያ ወደ ጎኖቹ ይውረዱ። ከአሥር መኪና ሰባቱ እዚህ ላይ በቃው የሚባል ነው፤ ይብቃው።

እድፉ እንቢ ካለ በትንሽ ለብ ያለ ውኃ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ። ጥጡን ነክረው እርጥበቱ ብቻ እስኪቀር ድረስ ይጭመቁት፤ ከዚያ በሆዱ በኩል በማይታይ ቦታ ይሞክሩ። ጥጡ ላይ የመኪናው ቀለም ከመጣ ያቁሙ። ካልመጣ በጥቂት በጥቂቱ እየጠረጉ፣ ወዲያው በንጹሕ እርጥብ ጥጥ፣ ቀጥሎም በደረቅ ያስከትሉ። በጎኑ ላይ የተለጠፈ ወይም የታተመ ጽሑፍ ካለ እሱን ዙሪያውን ብቻ ይሂዱ። ለጠባቡ ስንጥቅ ጥጥ የተጠቀለለበት ስቴኪኒ ይበቃል።

መኪናውን ውኃ ውስጥ አይንከሩ። ውኃው በሆዱ ክዳን ሥር ገብቶ ይቀራል፣ የብረት አክስሉን ያዝጋል፣ ከሳምንት በኋላ ቡናማ እንባ በቸርኬው ላይ ይወርዳል። ሳያስቡ ነክረውት ከሆነ ጎማውን ወደ ላይ አድርገው፣ በጸጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር ለአሥር ደቂቃ ነፍተው፣ ከዚያ ሁለት ቀን በጥላ ያኑሩት።

ጎማው አልዞር ካለ በመርፌ ጫፍ የተነካች የስፌት መኪና ዘይት በአክስሉና በአካሉ መገናኛ ላይ ያሳርፉ። ዘይቱ የላስቲክ ጎማውን እንዳይነካ፤ ከነካም ወዲያው ይጥረጉ። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀና ምትክ ካገኙ ይለውጡ፤ አሮጌውን ግን በፖስታ አድርገው ስሙን ጽፈውበት ያቆዩ።

የተላጠውን ቀለም አይቀቡት። ይህን ምክር ሁሉም ይሰማል፣ ማንም አይቀበልም፤ የተቀባ መኪና ግን ሰብሳቢ ዘንድ ከተላጠው ያነሰ ዋጋ አለው።

ደረጃ 7፦ ስንጥቅ ወይም እብጠት ካዩ

ቀለሙ በጥቃቅን ፊኛ ከተነሣ፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ከታየ፣ አካሉ ከተጣመመ ወይም በሩ በክፍተቱ አልገባ ካለ ቅይጡ ራሱ ከውስጥ እየፈረሰ ነው። ምክንያቱ ሲቀልጥ የገባ እጅግ ጥቂት የእርሳስ ማዕድን ብክለት ሲሆን፣ በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩትን ያጠቃል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል። መድኃኒት የለውም፤ ማድረግ የሚቻለው ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማኖር፣ አለመጫንና አለማጠብ ብቻ ነው። ወደ ሌላ መኪና ግን አይዛመትም፤ በፍርሃት አይጣሉት።

ቀለም በሌለበት ቦታ ላይ ብቻ የተኛ ነጭ ዱቄት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ የዚንክ ዝገት ነው። አፍንጫዎን ሸፍነው በደረቅ ብሩሽ ካነሡት በኋላ የማስቀመጫውን እርጥበት ያስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ ማስቀመጥ

የፕላስቲክ ሣጥን ሲገዙ ከሥሩ ያለውን የሦስት ማዕዘን ምልክት ያንብቡ፤ 5 የሚለውን ይውሰዱ፣ 3 የሚለውን ይተዉ፤ 3 ቁጥር ፒቪሲ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ጎጂ ጋዝ ያወጣል። ከአዲስ እንጨት የተሠራ ሣጥንም የሚያምር ቢሆንም ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ትነት ዚንክን ይበላል። ማድ ቤት አጠገብ፣ ከቆርቆሮው ጣራ ሥርና መሬት ላይ አያስቀምጡ፤ ጢሱ፣ ሙቀቱና ምስጡ በየተራ ይደርሳሉ።

መኪናውን በቀጥታ በፕላስቲክ ላይ አያቁሙ። የለሰለሰ ጎማ ውስጡ ያለው ዘይት እየወጣ የተቀመጠበትን ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ ጎማ የቀለጠበትን መደርደሪያ ያየ ሰው ይገባዋል። ወይ ትንሽ የወረቀት ምሰሶ ከሆዱ ሥር አስገብተው ጎማውን ከፍ ያድርጉ፣ ወይም ከጎማው ሥር የአሉሚኒየም ፎይል ያንጥፉ።

ለብል ብለው ናፍታሊን አይጨምሩ፤ ትነቱ ፕላስቲኩን መስኮትና ወንበር ሊያለሰልስ ይችላል። ለእርጥበት ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስበው ያስገቡ፤ ጨው ግን አይተካቸውም፤ ጨው ዚንክን ያዝጋል። ልቅ የሆነውን ሰማያዊ ሲሊካ በእንጀራ ምጣድ ላይ አሙቆ ማድረቅም አይገባም፤ ኮባልት የሚባል ጎጂ ነገር አለበት።

ደረጃ 9፦ የክረምት ክትትል

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሣጥኑን ከፍተው ሲሊካውን ይለውጡና ይዝጉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለእንግዳ ለማሳየት አይክፈቱት። በጥቅምት፣ ፀሐዩ ሁለት ሳምንት ያህል ከጠና በኋላ፣ እያንዳንዱን ካርቶን አውጥተው ጆሮውን ያሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ ከዓይን ይቀድማል። በሆዱ በኩል አዲስ ስንጥቅ ካለ በደረጃ 2 ካነሡት ፎቶ ጋር ያመሳክሩና ቀኑን ጽፈው አዲስ ፎቶ ይጨምሩበት።